ጨውና የደም ግፊት፦ ከወጥ ድስት እስከ ደም ሥር

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላል የአገራችን ሰው። ጨው በኅብረተሰባችን ውስጥ ያለው ስፍራ ከምግብ ማጣፈጫነት የላቀ ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር እየተፈለጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ የነበረው አሞሌ፣ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ጨው የሌለው ወጥ ማቅረብ ለባለሙያዋ ነቀፌታ፣ ለእንግዳውም ቅሬታ ነው።

ይህ የተከበረ ማዕድን ዛሬ በሐኪም ቤት ስሙ የሚነሣው በሌላ መልክ ነው። የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው «ጨው ይቀንሱ» የሚል ምክር ሳይሰጠው አይመለስም። ምክሩን ሰምተው በሥራ ላይ የሚያውሉት ግን ብዙ አይደሉም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ትእዛዙ ያለ ማብራሪያ መሰጠቱ ይመስለናል። «የምበላው ጨው የሚገባው ወደ ሆዴ ነው፤ ከልቤና ከደም ሥሬ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ተገቢ መልስም ይሻል።

እኛ የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለንም፤ ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ሕክምና አናዝም። ይሁን እንጂ የጥያቄው መልስ አብዛኛው ክፍል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፊዚክስና በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ከምንማረው የተለየ አይደለም። የፈሳሽ ግፊትን፣ በቧንቧ ውስጥ የሚደረግ ፍሰትን፣ ኦስሞሲስንና ጥቂት ሒሳብን የሚያውቅ ተማሪ፣ ጨው ከድስት ተነሥቶ ደም ሥር እስኪደርስ የሚጓዘውን መንገድ ሊከተል ይችላል። እኛም ይህንኑ መንገድ ደረጃ በደረጃ እንከተላለን።

ግፊት ሲባል ምን ማለት ነው?

ግፊት ማለት በአንድ ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያርፍ ኃይል ለገጹ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው መጠን ነው። መለኪያውም ፓስካል ይባላል። በሕክምናው ዓለም ግን በቆየው ልማድ መሠረት የደም ግፊት የሚነገረው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ይኸውም ያ ግፊት ምን ያህል ቁመት ያለው የሜርኩሪ ዓምድ ሊሸከም እንደሚችል ለመግለጽ ነው።

«120 በ80» ሲባል የላይኛው ቁጥር ልብ ተኮማትሮ ደም በሚረጭበት ጊዜ በደም ቅዳ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ የታችኛው ደግሞ ልብ ላልቶ በደም በሚሞላበት ጊዜ የሚኖረውን ግፊት ያመለክታል። 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወደ ፓስካል ሲለወጥ፣ የሜርኩሪ እፍግታ በሜትር ኩብ 13,600 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣

13,600 × 9.8 × 0.12 = 16,000 ፓስካል ገደማ

ይሆናል። የደም እፍግታ በሜትር ኩብ 1,060 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ይህ ግፊት 1.5 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የደም ዓምድ ሊሸከም ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ ከልብ አጠገብ ካለ ደም ቅዳ ጋር ቀጥ ያለ የመስተዋት ቱቦ ቢገጠም ደሙ በቱቦው ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። እንግሊዛዊው ካህንና ተመራማሪ እስጢፋኖስ ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከፈረስ ደም ቅዳ ጋር የመስተዋት ቱቦ አገናኝቶ ደሙ 2.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መውጣቱን ገልጿል። ሰውን ሳይወጉ ግፊትን መለካት የተቻለው ግን ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 በአየር የሚነፋውን የክንድ መጠቅለያ ካስተዋወቀና ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ እ.ኤ.አ. በ1905 ከመጠቅለያው በታች በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ ከገለጸ በኋላ ነው።

በዓለም የጤና ድርጅት መመዘኛ፣ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የተገኘ ሰው ከፍተኛ የደም ግፊት አለበት ይባላል። የአሜሪካ የልብ ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት መመሪያ ወሰኑን ወደ 130 በ80 ዝቅ አድርገውታል።

ፓምፑና ቧንቧው

የደም ዝውውርን ከኤሌክትሪክ ዑደት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በኦም ሕግ መሠረት ቮልቴጅ ከኮረንቲና ከሬዚስታንስ ብዜት ጋር እኩል ነው። በደም ዝውውርም አማካይ ግፊት፣ ልብ በደቂቃ ከሚረጨው ደምና ደም ሥሮች ከሚያሳዩት የፍሰት ተቃውሞ ብዜት ጋር እኩል ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ጤናማ ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ግፊቱ 120 በ80 ከሆነ አማካዩ 93 ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ልብ በዕረፍት የሚያሳልፈው ጊዜ በመኮማተር ከሚያሳልፈው ስለሚበልጥ አማካዩ ወደ ታችኛው ቁጥር ያደላል።

ከዚህ ቀመር አንድ ነገር በግልጽ ይታያል። ግፊት የሚጨምረው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ወይ የሚረጨው ደም ሲበዛ፣ ወይም የቧንቧው ተቃውሞ ሲጨምር።

ተቃውሞን በሚመለከት ፈረንሳዊው ሐኪምና የፊዚክስ ተመራማሪ ዣን ፑዋዜይ በ1840ዎቹ ያገኘው ሕግ እጅግ አስደናቂ ነው። ፑዋዜይ በቀጫጭን የመስተዋት ቱቦዎች ሙከራ ያደረገው በደም ሥር ውስጥ ያለውን ፍሰት ለመረዳት ሲል ነበር። ባገኘው ውጤት መሠረት የቧንቧው ተቃውሞ ከሬዲየሱ አራተኛ ርቢ ጋር በግልባጭ ይዛመዳል። ይህም ማለት የአንድ ደም ሥር ሬዲየስ በ10 በመቶ ብቻ ቢጠብ 0.9 በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 0.656 ስለሚሰጥ፣ ተቃውሞው ከ50 በመቶ በላይ ይጨምራል። ለዓይን የማይታይ ጥበት ግፊትን ምን ያህል ሊያንረው እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ግፊቱ ሲንር የሚጎዳው ማን ነው? መጀመሪያ ልብ ራሱ ነው። የልብ የግራ ክፍል የሚሠራው ሥራ በግፊትና በፍሰት ብዜት ይሰላል። በ120 በ80 ግፊት ይህ ጉልበት 1 ዋት ያህል ነው። በ180 በ110 ግፊት ያው 5 ሊትር ደም በደቂቃ ሲረጭ ግን ወደ 1.5 ዋት ያድጋል። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል የሚመታ መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ልብ ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት ግማሽ ያህል ተጨማሪ ሥራ ተጭኖበታል ማለት ነው። እንደማንኛውም ጡንቻ ሥራ ሲበዛበት ይወፍራል፤ በመጨረሻም ይደክማል። የአንጎልና የኩላሊት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ለዘለቄታው አይችሉትም፤ ስትሮክና የኩላሊት መድከም የሚከተሉት ከዚህ ነው።

ጨው ውኃን እንዴት ይይዛል?

የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የሶዲየም አቶማዊ ክብደት 23፣ የክሎሪን 35.5 ስለሆነ፣ ከ58.5 ግራም ጨው ውስጥ ሶዲየሙ 23 ግራም፣ ማለትም 40 በመቶ ያህሉ ነው። በውኃ ሲሟሟ ወደ ሶዲየምና ወደ ክሎራይድ አዮኖች ይለያያል። ሰውነታችን ሶዲየምን በአብዛኛው የሚያኖረው ከሕዋሳት ውጭ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ የደም ፈሳሽ ክፍልም የዚህ አካል ነው። በሕዋሳት ውስጥ ያለው ዋናው አዮን ደግሞ ፖታሲየም ነው።

ውኃ በሕዋስ ሽፋን አልፎ አዮን ወደ በዛበት ወገን የመሄድ ጠባይ አለው፤ ይህም ኦስሞሲስ ይባላል። ይህን ጉዞ ለማስቆም የሚያስፈልገው ግፊት በቫንት ሆፍ ቀመር ይሰላል። በሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውኃ በሊትር 9 ግራም ጨው የያዘ ነው። 9 ለ58.5 ሲካፈል 0.154 ሞል፣ በሁለቱ አዮኖች ሲባዛ 0.308 ሞል ይሆናል። በሰውነት መጠነ ሙቀት ይህ ከ790,000 ፓስካል በላይ፣ ማለትም በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት 8 እጥፍ ያህል ኦስሞቲክ ግፊት ይሰጣል። ይህን ያህል ኃይል ሲገፋው ውኃ ጨው ወዳለበት መሄዱ የማይቀር ነው።

ጨው የበዛበት ምግብ የበላ ሰው የሚጠማውም ለዚህ ነው። አንጎላችን የደምን የአዮን ይዘት በቅርብ ይቆጣጠራል፤ ሶዲየም በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊ ሞል ባለው ጠባብ ወሰን ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል። ስለዚህ ጨው ሲጨምር ሰውየው ውኃ እንዲጠጣ፣ ኩላሊቱም ውኃ እንዲቆጥብ ይታዘዛሉ። ውጤቱ ይህ ነው፦ 9 ግራም ጨው በሰውነት ውስጥ ቢቀር 1 ሊትር ያህል ውኃ አብሮት ይቀራል። ጨዉ የደሙን ጨዋማነት ሳይሆን የፈሳሹን ብዛት ይጨምራል። የፈሳሹ ብዛት ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያበዛል፤ ልብም የደረሰውን ያህል ይረጫል፤ በዚህም ግፊቱ ከፍ ይላል።

ኩላሊትና ቀዳዳ ያለው በርሜል

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ጨው የበላ ሁሉ ግፊቱ የማይጨምረው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በኩላሊት ነው።

ኩላሊቶቻችን በየቀኑ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሶዲየም በገበታ ጨው ሲተመን ወደ 1.5 ኪሎ ግራም ይጠጋል! ኩላሊት ከዚህ ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነውን መልሶ ወደ ደም ያስገባል፤ በሽንት የሚወጣው ከበላነው ጋር የሚመጣጠነው ጥቂቱ ብቻ ነው። ይህን ሚዛን ለመጠበቅ ሬኒንና አልዶስቴሮንን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ይሠራሉ። ከእነርሱም በተጨማሪ አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርተር ጋይተን አጥብቆ ያስገነዘበው አንድ ሕግ አለ፦ የደም ግፊት ከፍ ሲል ኩላሊት የሚያስወጣው ጨውና ውኃ ይጨምራል።

ይህን ለመረዳት ከታች በጎኑ ቀዳዳ ያለውን በርሜል እናስብ። ከላይ ከቧንቧ ውኃ ይገባል፤ በቀዳዳው ይወጣል። የሚገባው ሲጨምር በበርሜሉ ያለው ውኃ ከፍታ ይጨምራል፤ ከፍታው ሲጨምር በቀዳዳው ላይ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የሚወጣው ከሚገባው ጋር እኩል እስኪሆንም ድረስ ከፍታው ማደጉን ይቀጥላል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ጥቂት ከፍታ ይበቃል። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ግን ያንኑ ውኃ ለማስወጣት ከፍ ያለ ግፊት ግድ ይሆናል። በቶሪቼሊ ሕግ መሠረት የቀዳዳው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ፣ ያንኑ ፍሰት ለማስወጣት ከፍታው አራት እጥፍ መሆን አለበት።

የሚገባው ውኃ የምንበላው ጨው ነው፤ ቀዳዳው ኩላሊታችን ጨው የማስወጣት ችሎታው ነው፤ ከፍታው ደግሞ የደም ግፊታችን ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው የጠበበበት በርሜል ይመስላል። ከሌላው ሰው ጋር እኩል ጨው ሲበላ፣ ያንን ጨው ለማስወጣት የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ያለ ግፊት ነው። ስለሆነም «አብረን ነው የምንበላው፤ እርሱን ምንም አላደረገውም» የሚለው ክርክር ሳይንሳዊ መሠረት የለውም።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ሉዊስ ዳል የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አይጦችን እየመረጠ በማራባት፣ ጨው ሲበሉ ግፊታቸው የሚንር አንድ ዘርና ምንም የማይሆን ሌላ ዘር አስገኘ። በ1970ዎቹ ደግሞ እርሱና ባልደረቦቹ ኩላሊታቸውን በቀዶ ጥገና ሲያለዋውጡ የግፊቱ ጠባይ ኩላሊቱን ተከትሎ ሄደ። በሰው ልጅም ዘንድ ዕድሜያቸው የገፋ፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ አስቀድሞም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ለጨው ይበልጥ ስሱ ሆነው ይገኛሉ። በርሜሉ ግን ሁሉንም ነገር አይገልጽም፤ ሶዲየም በራሳቸው በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ስለሚያስከትለው ለውጥ የሚደረገው ምርምር እንደቀጠለ ነው።

ማስረጃው እንዴት ተገነባ?

የሳይንስ ተማሪ አንድን አባባል ከመቀበሉ በፊት ማስረጃው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የጨው ጉዳይ ማስረጃ እንዴት እየጠነከረ እንደሚሄድ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የመጀመሪያው እርከን ማነጻጸር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው ኢንተርሶልት የተባለው ጥናት በ32 አገሮች ባሉ 52 ጣቢያዎች ከ10,000 በላይ ሰዎችን መረመረ። በአማዞን ደን የሚኖሩት ያኖማሚ የተባሉት ሕዝቦች ከዜሮ እምብዛም የማይርቅ ጨው የሚመገቡ ሲሆን፣ አማካይ ግፊታቸው 95 በ61 ያህል ነበር፤ በዕድሜም አልጨመረም። ይሁን እንጂ ያኖማሚዎች ከከተማ ሰው የሚለዩት በጨው ብቻ አይደለም፤ ቀጫጭኖች ናቸው፤ ብዙ ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ማነጻጸር ብቻውን አያስረዳም።

ሁለተኛው እርከን በሕይወት ሂደት የሚከሰት ለውጥን መከታተል ነው። በጎረቤታችን በኬንያ ከምዕራብ ገጠር ወደ ናይሮቢ የፈለሱ የሉዎ ተወላጆችን የተከታተለው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎቹ ከተማ በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ በሽንታቸው የሚወጣው ሶዲየም በገጠር ከቀሩት ወገኖቻቸው በልጦ፣ የደም ግፊታቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ። ዘራቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አኗኗራቸው ነው።

ሦስተኛው እርከን ቁጥጥር የሚደረግበት ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ይፋ በሆነው ዳሽ ሶዲየም በተባለው ሙከራ፣ 412 ሰዎች ተዘጋጅቶ የተሰጣቸውን ምግብ ብቻ እንዲበሉ ተደርጎ የጨው መጠኑ በየ30 ቀኑ በሦስት ደረጃ ተለዋወጠ። በተለመደው የአሜሪካ አመጋገብ ጨው ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ሲወርድ የላይኛው ግፊት በአማካይ በ6.7 ነጥብ ቀነሰ። ከፍተኛ ግፊት በነበረባቸው ዘንድ ዝቅተኛ ጨው አትክልትና ፍራፍሬ ከበዛበት አመጋገብ ጋር ሲጣመር ቅናሹ 11.5 ነጥብ ደረሰ።

አራተኛው እርከን ቁጥር ከመቀነስ አልፎ ሕይወት ይተርፋል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። በቻይና 600 መንደሮች ከ20,000 በላይ ሰዎችን ለአምስት ዓመት ያህል የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ለግማሾቹ መንደሮች ሩቡ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው ሰጠ። ተሳታፊዎቹ ቀደም ሲል ስትሮክ የመታቸው ወይም ዕድሜያቸው 60 ሞልቶ ከፍተኛ ግፊት ያለባቸው ነበሩ። ተተኪውን ጨው በተጠቀሙት ዘንድ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀነሰ።

በሳይንቲስቶች መካከል ክርክር የለም ማለታችን ግን አይደለም። ጤናማ ሰው ጨውን እስከ ምን ድረስ ዝቅ ማድረግ አለበት በሚለው ላይ የተለያየ አስተያየት አለ። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም በሻይ ማንኪያ አፍ ያልሞላ ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለበትና ብዙ ጨው የሚመገብ ሰው መቀነስ እንዳለበት ግን ሰፊ ስምምነት አለ።

ወደ ማዕዳችን ስንመለስ

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አማካይ የጨው አጠቃቀማችንም በቀን 8 ግራም ገደማ መሆኑ ተገምቷል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሰዎች ከሚመገቡት ጨው አብዛኛው የሚመጣው በፋብሪካ ከተዘጋጀ ምግብ ስለሆነ፣ ግለሰቡ ቢፈልግም መቀነስ ያዳግተዋል። በእኛ ዘንድ ግን አብዛኛው ጨው ወደ ምግብ የሚገባው በቤት ውስጥ ባለ እጅ ነው። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ጨው አብሮ ይፈጫል፤ ወጡ ሲሠራ ይጨመራል፤ ሲቀርብም ሚጥሚጣው ይከተላል። ቡናን በጨው የሚጠጡ አካባቢዎችም አሉ። በከተማ ደግሞ ዳቦውና የሾርባ ኪዩቡ ይታከሉበታል። ይህ መጥፎ ዜና ብቻ አይደለም፤ ውሳኔው በእጃችን ነው ማለትም ነውና።

አንባቢ በቤቱ አንድ ቀላል ሙከራ እንዲያደርግ እንጋብዛለን። አንድ ኪሎ ጨው ሲገዛ ቀኑን ይጻፍ፤ ሲያልቅም ይጻፍ። አምስት ቤተሰብ እያንዳንዳቸው በቀን 5 ግራም ቢጠቀሙ፣ አንድ ኪሎ ጨው 40 ቀን መቆየት አለበት። በ20 ቀን ካለቀ ለእያንዳንዱ ሰው 10 ግራም ደርሷል ማለት ነው። በእርግጥ ከፊሉ ጨው በውኃ ይደፋል፤ ከቤት ውጭ የሚበላው ደግሞ አልተቆጠረም። ቢሆንም ቁጥሩ አቅጣጫ ያሳያል።

በአንድ መሶብ ዙሪያ ተሰብስበን ስለምንበላ ለአባት ወይም ለእናት ብቻ የተለየ ድስት መጣድ አስቸጋሪ ነው። ለብቻ ተለይቶ መብላትም ቅር ያሰኛል። ስለዚህ የሚሻለው የቤተሰቡን ድስት በሙሉ ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ምላስ ይለምዳል፤ መጀመሪያ አልጫ የመሰለው ወጥ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ሦስት ወራት ውስጥ ጣዕሙ ይመለሳል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ በሶብላና ጥቁር አዝሙድ የጨውን ጉድለት ይክሳሉ። ምስር፣ ባቄላ፣ ድንችና ጎመን ደግሞ ኩላሊት ሶዲየምን እንዲያስወጣ የሚረዳውን ፖታሲየም ይሰጡናል። ነገር ግን የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ተከማችቶ የልቡን አመታት ሊያዛባበት ስለሚችል፣ ተተኪ ጨው ከመጠቀሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ሊታረሙ የሚገባቸው አስተሳሰቦች

«ጥሬ ጨው እንጂ የበሰለ ጨው አይጎዳም» ሲባል ይሰማል። ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በድስት ውስጥ የፈላ ሶዲየም ያው ሶዲየም ነው።

«ሮዝ ጨው ወይም የድንጋይ ጨው አይጎዳም» የሚሉም አሉ። ሁሉም በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ናቸው። እንዲያውም አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው ለእንቅርት ያጋልጣል። በአገራችን የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት እ.ኤ.አ. በ2011 በደንብ ተደንግጓል። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ አዮዲን ያለበትን ጨው በጥቂቱ መጠቀም ነው።

«ጨው ከቀነስኩ መድኃኒቱን ልተው» የሚለው ደግሞ አደገኛ ነው። ጨው መቀነስ መድኃኒቱ በደንብ እንዲሠራ ያግዛል እንጂ በራስ ፈቃድ አይተካውም። እ.ኤ.አ. በ2021 የ48 ሙከራዎችን ውጤት ያሰባሰበ ጥናት እንዳሳየው፣ የላይኛውን ግፊት በመድኃኒት በ5 ነጥብ መቀነስ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋን በ10 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ከሁሉም የከፋው «ምንም አላመመኝም፤ ስለዚህ ግፊት የለብኝም» የሚለው ነው። ቧንቧ እስኪፈነዳ ድረስ አይጮህም። በዓለም ላይ ከፍተኛ ግፊት ያለባቸው አዋቂዎች ከ1 ቢሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። መኖሩን የሚናገረው መለኪያ ብቻ ነው።

ሲለካም በሥርዓት መሆን አለበት። ተለኪው አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ይረፍ፤ ክንዱም በልቡ ትይዩ ይሁን። ክንድ ከልብ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል የደሙ ዓምድ 1,060 × 9.8 × 0.1፣ ማለትም ወደ 1,040 ፓስካል ስለሚጨምር፣ መለኪያው 8 ነጥብ ያህል አብዝቶ ያነባል። ይህን ያህል ስሕተት ጤነኛን ታማሚ፣ ታማሚንም ጤነኛ ሊያስብል ይችላል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ተማሪዎች አብዛኞቹ ወጣቶች ስለሆኑ ጉዳዩ የሩቅ ሊመስላቸው ይችላል። ነገር ግን በየቤታቸው ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ወላጆች፣ አጎቶችና አክስቶች አሉ። «ጨው ይቀንሱ» የተባለ ወላጅ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው ልጅ ካገኘ ምክሩ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ዕውቀት ይሆናል። ተለክተው የማያውቁትን ወደ ጤና ጣቢያ ይዞ መሄድ፣ የበርሜሉን ምሳሌ በምሳ ሰዓት ማጫወት፣ ከድስቱም አንድ ቁንጥር ጨው ማስቀረት ከማንኛችንም አቅም በላይ አይደለም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. 160 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ስንት ፓስካል ነው?
2. የአንድ ደም ሥር ሬዲየስ በ20 በመቶ ቢጠብ ተቃውሞው ስንት እጥፍ ይሆናል?
3. ስድስት ቤተሰብ አንድ ኪሎ ጨው በ25 ቀን ቢጨርስ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ስንት ግራም ጨው ይደርሳል?
4. ሲለካ ክንዱ ከልብ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ንባቡ በስንት ነጥብ ይጨምራል?

መልስ፦ 1) 21,300 ገደማ፤ 2) 2.4 እጥፍ፤ 3) 6.7 ግራም፤ 4) 12 ገደማ።